ወደ ጎንደር የሚሄደው ካሜራ

የዐፄ ቴዎድሮስ ፎቶግራፍ የለም። በየግድግዳው፣ በየቲሸርቱና በየመጽሐፉ ሽፋን ላይ የሚታየው ሹሩባው የወረደ ንጉሥ የሠዓሊዎች እጅ ሥራ ነው። ካሜራ አገሩ አልገባም ነበር እንዳይባል ገብቷል። ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን በ1859 በጎንደር ዙሪያ ወደሚኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ሲመጣ ካሜራ ይዞ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ጽፈዋል (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምትም የመሐንዲሶቹ ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። ሆኖም በ1855 በሰሜን ደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑት ንጉሥ በፋሲካ ማግስት ሰኞ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ፊታቸውን ለትውልድ ያስቀረው እርሳስ ነው። ከብሪቲሽ ሙዚየም የመጣው ሪቻርድ ሆምስ አስከሬናቸውን አይቶ ሣላቸው። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን በዚያው ዓመት ዋይት በምትባለው የእንግሊዝ ደሴት በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀምጧል፤ በፎቶው ላይ ሐዘኑ እስከ ዛሬ ይነበባል።

የዘመኑን ካሜራ ያወቀ ሰው ነገሩ አይገርመውም። ያኔ ፎቶ የሚነሳው በመስታወት ላይ ነበር። መስታወቱ ኮሎዲዮን የሚባል ዝልግልግ ፈሳሽ ይቀባና ብር ባለበት ውህድ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ መግባት፣ ብርሃን መቅመስና መታጠብ አለበት። ለዚህ ሁሉ ያለው ጊዜ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው በሄደበት ሁሉ ጨለማ ድንኳን፣ የመድኃኒት ጠርሙሶች፣ ንጹሕ ውሃና ሳጥን ሙሉ መስታወት ይከተሉታል። ይህ ሁሉ የበቅሎ ጭነት ነው። ካሜራው ተተክሎ ሲያነሳም ፊቱ ያለው ነገር ለሰከንዶች ጸጥ ብሎ መቆም ይኖርበታል፤ የተንቀሳቀሰ ሰው ጭስ ሆኖ ይቀራል።

እንዲህ ያለ ካሜራ ተራራ ያነሳል፣ ግንብ ያነሳል፣ ተሰልፎ የቆመ መኮንን ያነሳል። የ1868ቱ ፎቶግራፎች አብዛኞቹ ይኸው ናቸው፤ ክፍሉ ከተላከበት ዋና ዋና ሥራዎች አንዱም ካርታ በፎቶ እያባዙ ለጦሩ ማደል ነበር። ግን እነዚያ ከባድ መስታወቶች ማንም ያላሰበውን ጥቅም ሰጡ። ከ140 ዓመት በኋላ በቤልጅየም ጌንት ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው የጂኦግራፊ ተመራማሪ ያን ኒሰን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ካሜራው የተተከለባቸውን ቦታዎች በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ እየፈለገ እንደገና አነሳቸው። በ2009 የወጣው ጥናታቸው እንዳሳየው መሬቱ በ1868ም የተራቆተ ነበር፤ ጥናቱ በተሠራበት ጊዜ በብዙዎቹ ቦታዎች ላይ የተሻለ ዛፍና እርከን ይታይ ነበር። «ድሮ ሁሉ ደን ነበር» እየተባለ ሲወራ ለኖረው ነገር ይህ ትልቅ መልስ ነው። መልሱን የሰጠው ደግሞ እያንዳንዱ ቁጥቋጦ ተለይቶ እስኪታይ የጠራ፣ በትራይፖድ ላይ የቆመ ካሜራ ነው።

ለጉዞ ካሜራ የሚመርጥ ሰው እንግዲህ ምን ይዞ እንደሚመለስ ከቤቱ ሳይወጣ ግማሹን ወስኗል። ሱቅ ውስጥ የሚነሳው የሜጋፒክስል ወሬ ይህንን ይሸፍነዋል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የትኛው ካሜራ ይሻላል?» የሚለው ሳይሆን «እዚያ ምን አለ? በምን ብርሃን? ለማን?» የሚለው ነው። ጎንደርና የሰሜን ተራሮች ለዚህ ጥያቄ የተመቹ ናቸው፤ በመቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ጨለማ ቤተ ክርስቲያን፣ ፀሐይ የሚነድበት ግንብ፣ በውሃ የሚራጭ የሕዝብ ባሕር፣ ውርጭ ያለበት ገደልና ከሰው የማይሸሽ አውሬ ይገኝባቸዋልና።

ካሜራ እያነሰ ሲሄድ የሚቀረው ምስልም ተቀይሯል። ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠው በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የጥናት ጉዞ በ1932 ክረምት ጎንደር ገብቶ እስከ ታኅሣሥ መግቢያ ድረስ ተቀመጠ። ጉዞው በጠቅላላው 6,000 ያህል ፎቶግራፎችን ይዞ ፓሪስ ገብቷል። ጎንደር ላይ ከተነሱት መካከል የዛር ባለቤቷ መልካም አያሁና በዙሪያዋ የነበሩ ሰዎች አሉበት፤ ሚሼል ሌሪስ ቀን ከቀን ቤቷ እየሄደ የጻፈላት ሴት ናት። በመስታወት ካሜራ እንዲህ ወዳለ ቤት ገብቶ ሥርዓት ሲካሄድ ማንሳት የሚታሰብ አልነበረም። የዚያው ቡድን ሌላ ሥራ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግባል። የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ገፍፈው ወሰዱና በምትካቸው ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸውን ቅጂዎች ለጠፉ። ካሜራ በእጃቸው ነበር። ሥዕሎቹን ፎቶ አንስተው በቦታቸው መተው ይችሉ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሰሜን ኢትዮጵያ ካለፉት ተጓዦች ለዚህ ምዕራፍ የሚጠቅመው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። አዲስ አበባ በ1910 የተወለደው እንግሊዛዊ በ1960 ወደ ሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ሲጓዝ የያዘው ካሜራ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያልተለየው የላይካ ዓይነት ነው። ላይካ በ1925 ገበያ ላይ ሲወጣ የሲኒማ ፊልምን ወደ ኮት ኪስ አስገባ፤ በአንድ ጥቅልል 36 ፎቶ ይነሳል። ቴሲጀር በአረቢያ በረሃ ካሜራውን ከአሸዋ የሚጠብቀው በፍየል ቆዳ ከረጢት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በጥቁርና ነጭ ብቻ አነሳ፤ ከተራራው በላይ የሰው ፊት ላይ አተኮረ። ካሜራውን ያውቀው ስለነበር ስለ ካሜራው ማሰብ ትቷል። ለጉዞ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ካሜራ የሚገዛ ሰው ይህንን ቢያስብበት ጥሩ ነው። ቁልፎቹን ሳያይ በጣቱ የማያገኝ ሰው፣ ዋልያው ገደል ሲዘል ሜኑ ውስጥ ሲዳክር ይቀራል።

አሁን ወደ ዛሬው ተጓዥ። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከአዲስ አበባ ይነሳ፣ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ሚዛን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል ለሚጓዝ ሰው የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ አንድ ሲሆን ክብደቱ ከ7 ኪሎ መብለጥ የለበትም። አንድ ፉል ፍሬም የሚባለው ባለ ትልቅ ሴንሰር ካሜራ፣ አንድ መካከለኛ ዙምና አንድ ረጅም ሌንስ አብረው ወደ 3 ኪሎ ይጠጋሉ፤ ላፕቶፕና ቻርጀር ሲጨመር ቦርሳው ሞልቷል። ካሜራን ወደ ጭነት ሻንጣ መላክ ደግሞ አይመከርም። መለዋወጫ የሊቲየም ባትሪ ጭራሽ አይላክም፤ በአቪዬሽን ሕግ መሠረት ከተሳፋሪው ጋር ወደ ውስጥ መግባት አለበት። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ የተለመደው የካሜራ ባትሪ 16 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ችግር የለበትም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ትልልቅ ፓወር ባንክ ለሚይዝ ሰው ነው።

ድሮን ይቅር። ያለ ፈቃድ ኢትዮጵያ ውስጥ ማስገባት አይቻልም፣ ቦሌ ላይ ይያዛል፤ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ላይም ለማብረር ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለሥራ ብሎ የፈለገው ድርጅት ከጉዞው ብዙ ቀደም ብሎ ደብዳቤ ይጀምር፤ ለቤተሰብ ጉብኝት የሚሄድ ሰው ግን እቤቱ ትቶት ይሂድ።

ሌላም አለ። ከ2023 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ምክንያት መንገዱ እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ኬላ ላይ ፍተሻ አለ፣ ጎብኚም ቀንሷል። ወታደርን፣ ኬላን፣ ድልድይንና አውሮፕላን ማረፊያን ማንሳት ድሮም አይፈቀድም ነበር፤ አሁን ደግሞ መዘዙ ይከፋል። አንገት ላይ የሚንጠለጠል ረጅም ሌንስ ሰው ሁሉ «ይሄ ማነው?» እንዲል ያደርጋል። ስልክ ወይም ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ካሜራ ለዚህ የተሻለ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የሚኬድበትን መንገድ ከቦታው ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጎንደር ከተማ ውስጥ ካሜራን በእውነት የሚፈትነው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ቀዳማዊ ኢያሱ የመሠረቱት፣ መሐዲስቶች በ1888 ጎንደርን ሲያቃጥሉ በንብ መንጋ ተጠብቆ ተረፈ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። ጫማውን አውልቆ የገባ ሰው ቀና ሲል ጣሪያው ሙሉ በክንፋም መላእክት ፊት ተሸፍኖ፣ ዓይናቸው ሁሉ ወደ ታች ሲመለከት ያያል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። የሚገባው ብርሃን በበሩና በጥቂት መስኮቶች ብቻ ነው። ፍላሽ ክልክል ነው፤ መሆንም አለበት፣ ሥዕሉ ደካማ ነው፣ የሚጸልይ ሰውም አለ። ትራይፖድም ያለ ቀሳውስቱ ፈቃድ መትከል አይገባም፣ ቦታው ጠባብ ነው። ካሜራው እንግዲህ ያለውን ብርሃን ብቻ ይዞ መሥራት አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት ቁጥሮች ሁሉንም ይወስናሉ። የመጀመሪያው የሌንሱ አፍ ስፋት ነው። ከካሜራ ጋር በርካሽ የሚሸጡት ዙሞች ብዙ ጊዜ ከኤፍ 4 አካባቢ ይጀምራሉ፤ ዙም የሌለው፣ ዋጋው መጠነኛ የሆነ ትንሽ ሌንስ ግን ኤፍ 1.8 ይከፍታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አምስት እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ነው። በአንዱ የተንቀጠቀጠው የመልአክ ዓይን በሌላው ጥርት ብሎ ይወጣል። ሁለተኛው የሴንሰሩ ስፋት ነው። የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ በትንንሽ ካሜራዎች ውስጥ ያለው «1 ኢንች» የሚባለው 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስፋታቸው ከሰባት እጥፍ በላይ ይለያያል። ስልክ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያም ያንሳል፤ ስልኩ ግን ብዙ ምስሎችን በፍጥነት እያነሳ አንዱን በሌላው ላይ በመደረብ ጉድለቱን ይሸፍናል። ጣሪያው የማይንቀሳቀስ ስለሆነ ደህና አዲስ ስልክ በሁለት እጅ ተይዞ የሚያስደንቅ ውጤት ይሰጣል። ቄሱ መቋሚያ ይዘው ሲያልፉ ግን ያው ስልክ ፊታቸውን ያደበዝዘዋል። ከካሜራው ጋር የተያያዘ አንድ ማሳሰቢያ፦ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ብሎ ግድግዳ መደገፍ ሌላ ቦታ ጥሩ ዘዴ ነው፤ እዚህ ግን ግድግዳው ራሱ ቅርስ ነው።

ፋሲል ግቢ ቀላል ነው። 900 ሜትር በሚሆን አጥር የተከበበው ግቢ ሰፊ ሌንስ ብቻ ይፈልጋል፤ ዛሬ ስልክ ሁሉ እሱን ይዞ ይወጣል። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ቡናማው ድንጋይ ከጠዋቱ ሁለትና ሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከአሥር ሰዓት ወዲህ ወርቅ ይመስላል። እኩለ ቀን ላይ የተነሳው ግን ሰማዩ ነጭ፣ መስኮቱ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ የትኛውም ውድ ካሜራ ቢሆን።

ጥምቀት ሌላ ነገር ነው። ጥር 11 ቀን ጠዋት፣ ከቀሀ ወንዝ በተሞላው በፋሲል መጠመቂያ ላይ ጸሎቱ ሲያበቃ ወጣቶቹ ከግንቡና ከዋርካው ሥር እየዘለሉ ይገባሉ፤ ውሃውም በሕዝቡ ላይ ይረጫል። ዩኔስኮ በ2019 የኢትዮጵያን ጥምቀት የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። ውሃ የማይፈራ ስልክ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት የተጠቀለለ ካሜራ እዚህ ዋጋ አለው፤ ሌንስ መቀያየር ግን የማይታሰብ ነው። በ2020 በዓል ላይ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መድረክ ተደርምሶ ቢያንስ አሥር ሰዎች ሞተዋል። ከፍ ያለ ቦታ ፍለጋ እንዲህ ያለ መድረክ ላይ ከሚወጡ፣ መሬት ላይ ቆሞ በመካከለኛ ዙም ከትከሻ በላይ ማንሳት ይሻላል። ደግሞም ጥምቀትን ጥምቀት ያደረገው ሰዉ ነው፤ ሰዉ ያለው መሬት ላይ ነው።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደባርቅ ሲወጣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይጀምራል፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የካምፖቹ ከፍታ ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ግጭና ጨነቅ 3,600 አካባቢ ነው፤ የቧሂት ጫፍ ደግሞ 4,430 ሜትር። እዚህ እያንዳንዱ መቶ ግራም ይቆጠራል። ሻንጣውን በቅሎ ይጭነዋል፣ መንገዱን ጋይድ ይመራል፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይከተላል፤ ካሜራው ግን ከባለቤቱ ትከሻ አይወርድም፤ በቅሎ ላይ የተጫነ ካሜራ ጭላዳው ሲመጣ አይደረስበትም።

ስለ ጭላዳ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «የዱር አውሬ» ሲባል ክንድ የሚያህል ሌንስ ያስባል። ጭላዳ ግን ሣር በሊታ ነው፣ በመቶዎች ሆኖ ሜዳው ላይ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይውላል፣ ሰው ቀስ ብሎ አጠገቡ ቢቀመጥ ግድ የለውም። በደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት፣ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ፣ ግልገሏን ያዘለች እናት ስታልፍ ለማንሳት መካከለኛ ሌንስ ይበቃል። የዚህ ጥሩ ማስረጃ ጣሊያናዊው ወጣት ሪካርዶ ማርኬጃኒ ነው። በ2019 የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚያዘጋጀው የዓመቱ የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ ውድድር ላይ ከ15 እስከ 17 ዓመት ባሉት ዘርፍ ያሸነፈው በሰሜን ተራሮች ባነሳት ጭላዳ ነው።

ጭላዶች ሌሊቱን የሚያድሩት ከነብርና ከጅብ ሸሽተው ገደሉ ላይ ባለ እርከን ተቃቅፈው ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ሪካርዶና አባቱን ጋይዳቸው ፀሐይ ከመውጣቷ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ወደ ገደሉ ጫፍ ወሰዳቸው። ለአንድ ሰዓት ያህል ብርዱ ላይ ጠበቁ። ከዚያ የሳምንት ዕድሜ ያለው ልጇ ሆዷ ላይ የተጣበቀባት እናት ፊት ለፊቱ ብቅ አለች። ከኋላዋ ተራራው ገና ጨለማ ነው። በዝቅተኛ ኃይል ባበራት ፍላሽ ጠጉሯን ለይቶ አወጣት፤ እሷም በጎን አየችው። በዚህ ፎቶ ውስጥ የካሜራው ድርሻ ትንሽ ነው። ጋይዱ ገደሉን ያውቃል፣ ልጁ ቀድሞ ደርሶ ጠብቋል፣ ጭላዳዋም ቅርብ ነበረች። የጋይዱ ስም በሽልማቱ መግለጫ ላይ አለመጠራቱ ግን ቅር ያሰኛል።

ዋልያ ግን ሩቅ ነው። ከጨነቅ ወደ ቧሂት ባለው ገደል ላይ በጠዋት ይታያል፤ ቀንዱን ለመለየት ቢያንስ 300፣ ቢቻል 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያስፈልጋል። ስልክ ላይ ያለው ዙም እዚህ ቦታ ቡናማ ነጥብ ብቻ ይሰጣል። ቀይ ቀበሮ ከተገኘም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዋልያን በእርግጥ የፈለገ ሰው ከሁለት አንዱን ይምረጥ፦ ወይ ሴንሰሩ አነስ ያለ ካሜራ ከቀላል ረጅም ዙም ጋር፣ ወይ ሌንሱ የማይነቀል ሱፐር ዙም። ለምሳሌ የሶኒ አር ኤክስ 10 ማርክ 4 ከ24 እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሆኖ ክብደቱ 1.1 ኪሎ ያህል ነው። ሴንሰሩ 1 ኢንች ብቻ ስለሆነ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ይቸገራል፤ ግጭ ሜዳ ላይ ነፋሱ ደረቁን አፈር ሲያነሳ ግን ሌንስ መቀየር የሌለበት ካሜራ ትልቅ እፎይታ ነው። ሌንስ ሲነቀል የገባ አንድ ብናኝ ከዚያ በኋላ በሚነሳው ሰማይ ሁሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይከተላል።

ብርዱ ደግሞ ባትሪ ይበላል። በበጋ ሌሊት ጨነቅ ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ኃይሉን ማውጣት ያቅተዋል፤ ማታ ሙሉ የነበረው ጠዋት ቀይ ያሳያል። ባለቤቱ ባትሪዎቹን በካልሲ ጠቅልሎ ከራሱ ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ ቢያሳድራቸው ይተርፋሉ። በካምፑ ላይ ቻርጅ ማድረግን ተስፋ አድርጎ መውጣት አይገባም፤ ደባርቅ ላይ ሁሉም ሙሉ ይሁን። እዚህ ላይ ሰዎች የናቁት አሮጌ ዲኤስኤልአር ይክሳል። በመስታወት ስለሚያሳይ ብዙ ኃይል አይፈጅም፤ ብዙዎቹ በአንድ ባትሪ ወደ ሺህ የሚጠጋ ፎቶ ያነሳሉ፣ አዳዲሶቹ መስታወት አልባ (ሚረርለስ) ካሜራዎች ግን በአብዛኛው ከ300 እስከ 500። ለአራት ቀን መንገድ ልዩነቱ የሁለት ባትሪና የአንድ ጭንቀት ነው። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባም ካሜራው ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ይቆይ፤ ወዲያው ከወጣ ሌንሱ ላብ ይይዘዋል።

እንግዲህ ፍርዱ ይሰጥ ከተባለ፦ ወደ ጎንደር ቤተሰብ ለመጠየቅና በዓል ለማክበር የሚሄድ ሰው ጥሩ ስልክ ካለው ሌላ ካሜራ መግዛት አያስፈልገውም። ተራራውን የሚጨምር ሰው አንድ ቀላል ካሜራ፣ አንድ ኤፍ 1.8 የሆነ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለቤተ ክርስቲያኑና ለሰው ፊት፣ አንድ ረጅም ዙም ለዋልያው ይያዝ፤ ስልኩ የቀረውን ይሸፍናል። ፉል ፍሬምና ግዙፍ ሌንስ ሥራው ፎቶ ለሆነ ሰው ይተው። በገንዘቡ ልዩነት ሁለት ቀን ተጨማሪ ግጭ ላይ ማደር ይቻላል፤ ሁለት ቀን ደግሞ ከየትኛውም ሴንሰር የበለጠ ፎቶ ያመጣል።

የሰው ነገር ይቀራል። ደጋ ላይ ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲል ነጠላውን ያስተካክላል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከእግር እስከ ራሱ እንዲታይ ይፈልጋል። «አባባ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» የተባሉ ሽማግሌ «ቆይ ጋቢዬን ላምጣ» ይላሉ። ከሩቅ በረጅም ሌንስ ሳያውቁ መነሳትን ብዙ ሰው እንደ ስርቆት ያየዋል፤ እውነትም ነው። ፈረንጆቹ መጽሔቶች ያስለመዱትን ድንገተኛ ፎቶ የፈለገ ሰው አስቀድሞ ሽማግሌው የፈለጉትን፣ ጋቢ ለብሰው የቆሙበትን ያንሳላቸው። ከቻለ ደግሞ ወዲያው ያትምላቸው። ኢንስታክስ ሚኒ የሚባሉት የፉጂ ካሜራዎች የመታወቂያ ካርድ በሚያህል ወረቀት ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ፎቶ ይሰጣሉ፤ ከስልክ የሚያትሙ ትንንሽ ማተሚያዎችም አሉ። ጎንደር ፒያሳ ፎቶ ቤት አሳትሞ በጋይዱ እጅ መላክም ይቻላል። «እልካለሁ» ተብሎ የቀረ ፎቶ በሰሜን መንደሮች ብዙ ነው።

የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ፤ ከ400 በላይ አባወራዎች ናቸው። ቤቶቹ ፈርሰዋል። የግጭ ጎጆዎች፣ የገብስ ማሳና የልጆቹ ጨዋታ የሚታይበት ፎቶ ዛሬ ያለው ባብዛኛው በዚያ ባለፉ ተጓዦች ካሜራና ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ደባርቅ ያሉት ባለቤቶቹ ምናልባት አላዩትም። እንዲህ ያለው ነገር ድሮም ነበር፤ በፓሪስ የሚገኘው የኬ ብራንሊ ሙዚየም በ2025 ያንን የግሪዮል የዳካር ጅቡቲ ጉዞ እንደገና የመረመረ ኤግዚቢሽን ሲያሳይ ተመራማሪዎች ከደከሙባቸው ነገሮች አንዱ በፎቶዎቹ ላይ ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ መፈለግ ነበር። 6,000 ፎቶ ያነሳ ጉዞ የብዙዎቹን ስም አልመዘገበም።

ዛሬ ስም መመዝገብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ካሜራው ከቦሌ ሳይወጣ ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኢትዮጵያ ይስተካከል። ፎቶው ከተነሳ በኋላ ስልኩ ላይ ድምፅ መቅጃ ተከፍቶ ባለቤቱ ራሳቸው ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ ቀበሌያቸውንና ፎቶው ለማን እንዲደርስ እንደሚፈልጉ ይናገሩ። ማታ ፎቶዎቹ ወደ ሁለተኛ ሚሞሪ ካርድ ሲገለበጡ ድምፁም አብሮ ይገልበጥ፤ ሁለቱ ካርዶች በአንድ ቦርሳ አይቀመጡ፣ አንዱ ኪስ ይግባ።